እህቴ የማታስታውሰው ክረምት

ከሳምንት በፊት ደህና የነበረ ወጣት ድንገት ጠባዩ ሲለወጥ፣ በባሕር ዳር ቤቶች ማብራሪያ አይጠፋም። ትኩሳትና ራስ ምታት ከቀደመው ምች ነው፤ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። መቃዠት ከጀመረ ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል። ተማሪ ከሆነ ጥናት በዝቶበት ናላው ዞሯል። ጎበዝ ወይም መልከ መልካም ከሆነ ደግሞ ዓይን አርፎበታል፤ ከዚያም ሲብስ መተት ነው። ታናሽ እህቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ጎበዝ ናት፤ ትኩሳቱም ቀድሟታል። ስለዚህ ሁሉም ማብራሪያ በየተራ ቤታችን ገባ። አንዱም ልክ አልነበረም።

ማብራሪያዎቹን ይዘው የመጡትን ሰዎች አልወቅስም። ምች ያሉት ትኩሳቱን አይተው ነው፤ ወባ ያሉት ጣና ዳር ስለምንኖር ነው። ሁሉም አንድ አንድ ምልክት ይዞ ነበር። የጎደለው ምልክቶቹን ሁሉ በአንድነት የሚያይ ሰው ነበር።

የሕመሙ ስም ረጅም ነው፤ ፀረ-ኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር ኢንሴፋላይትስ ይባላል። ሰውነት ከበሽታ እንዲጠብቀው የተሰጠው መከላከያ ዞሮ የራሱን አንጎል የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ዓለም ያወቀው በቅርቡ ነው። ስፔናዊው የነርቭ ሐኪም ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የሕመሙን ምንጭ ለይተው ያሳተሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ነው፤ በእኛ 1999 ዓ.ም.፣ ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ በምንልበት ዓመት። ይህን ሳነብ ከሁሉ በፊት የመጣብኝ ከዚያ ዓመት በፊት የታመሙት ናቸው። በየአገሩ፣ በየጠበሉና በየአእምሮ ሆስፒታሉ፣ የሕመማቸው ስም ገና ሳይኖር ያለፉ ልጆች። ዛሬ ስሙ አለ፤ መድኃኒቱም አለ። በስሙ እጥረት ሰው የሚሞትበት ምክንያት ሊኖር አይገባም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሕመሙ ብርቅ ነው። በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰው መካከል አንድ ወይም ሁለት ሰው እንደሚይዝ ይገመታል። ነገር ግን ወጣቶችን ያጠቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. የ577 ሕሙማን ታሪክ ተሰብስቦ ሲታተም አብላጫው ሴቶች ነበሩ፣ ከመቶ 81፤ የዕድሜያቸው አማካይ ደግሞ 21 ዓመት ነው። በካሊፎርኒያ በተደረገ ሌላ ጥናትም የአንጎል ብግነት ከያዛቸው 30 ዓመትና ከዚያ በታች ከሆኑ ሕሙማን መካከል ይህ ሕመም ከየትኛውም ነጠላ ቫይረስ በልጦ ተገኝቷል።

በእህቴ ላይ አመጣጡ እንዲህ ነበር። ሰኔ ላይ፣ ፈተና ሲቃረብ፣ ጉንፋን የሚመስል ትኩሳትና ራስ ምታት ያዛት። እሱ ሲለቃት እንቅልፍ ጠፋ። ከዚያ ጥርጣሬ መጣ፤ ቡናው ውስጥ የሆነ ነገር ተጨምሯል ብላ ሲኒውን ገፋችው። ንግግሯ ይቆራረጥ ጀመር፤ ዓረፍተ ነገር ትጀምርና መሐል ላይ ትተወዋለች። የንስሐ አባታችን ሊጠይቋት ሲመጡ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ሰደበቻቸው። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች።

መጀመሪያ የወሰድናት የሕክምና ተቋም የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ ሃሎፔሪዶል አዘዘላት። መድኃኒቱን በወሰደች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰውነቷ ተገተረ፣ ትኩሳቷ ናረ። ኋላ እንደተረዳሁት በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይችሉትም፤ አለመቻላቸው ራሱ ሐኪሙን ሊያነቃው የሚገባ ምልክት ነው። እዚያ ግን መጠኑ ተጨመረ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ አፏ መንቀሳቀስ ጀመረ። ምንም ሳይኖርበት ያላምጣል፤ ከንፈሯ ይሞጠሞጣል፣ ምላሷ ይወጣል ይገባል። የቀኝ እጇ ጣቶች አውራ ጣቷን ሳያቋርጡ ይደባብሳሉ። አንድ ሌሊት ጣላት፤ አረፋ ደፈቀች። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያየሁትን በደብተር እጽፍ ነበር፤ ምን እንደበላች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ምን እንዳለች፣ ትኩሳቷ መቼ እንደወጣ። ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ከማየት መጻፍ ስለቀለለኝ ነው።

በሁለተኛው ሆስፒታል ያገኘነው የውስጥ ደዌ ሐኪም ወጣት ነው። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ አፏን ብቻ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ትኩሳት ነበራት?» አለኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው። አፍና ፊት እንዲህ የሚንቀሳቀሱበት የአእምሮ ሕመም ብዙ እንደሌለ፣ ትኩሳት የቀደመው፣ የሚጥል፣ እንቅልፍ የነሳና የልብ ምት የሚያዘባርቅ ነገር ሲደመርበት ደግሞ ነገሩ አንጎል ላይ እንደሆነ የነገረን እሱ ነው።

ግን ወዲያው ወደዚያ ብርቅ ስም አልዘለለም፤ ይህን አከብርለታለሁ። በእኛ አካባቢ ትኩሳት ይዞት ለሚቃዥ ሰው ቀድመው መታየት ያለባቸው አሉ። ወባ አለ፤ ደሟ በማይክሮስኮፕ ታየ። ማጅራት ገትር አለ፣ የአንጎል ቲቢ አለ፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ አሉ፣ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስም አንጎልን ያቃጥላል፤ ይባስ ብሎ ሄርፒሱ ከዳነ ከሳምንታት በኋላ ይኸው የእህቴ ሕመም ተከትሎት ሊመጣ ይችላል። እነዚህን ለመለየት ከጀርባዋ ፈሳሽ መወሰድ ነበረበት።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ ተከፈለ። አጎታችን ከመርዓዊ በሌሊት ተነስቶ መጥቶ «ከጀርባ ውኃ የተቀዳለት ሰው ወይ ሽባ ይሆናል ወይ ይሞታል፤ አይሆንም!» አለ። ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዋርድ ኮሪደር የተቀመጠ ሁሉ አንድ የሞተ ሰው ይጠራል። ሐኪሙ አልተቆጣም። ሸሚዙ ላይ በጣቱ የራሱን ወገብ እያሳየ ነገረው። የአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር ከወገብ በላይኛው ክፍል ላይ ያልቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። እዚያ ያሉት በፈሳሽ ውስጥ የሚዋኙ የነርቭ ክሮች ናቸው፤ መርፌ ሲመጣ ወደ ጎን ይሸሻሉ። ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል፤ ለጥቂት ቀናት ይቆይና ይለቃል።

ስለ ፍርሃቱ ምንጭ እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ምርመራው የሚደረገው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ሰውየው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። የሞተው በገትሩ ነው፤ የሚታወሰው ግን መርፌው ነው። ፈርተን ባዘገየነው ቁጥር ከመርፌው በኋላ የሚሞተው ይበዛል፤ የሚሞተው በበዛ ቁጥር እኛ ይበልጥ እንፈራለን። አጎቴ በመጨረሻ «እኔ አልፈርምም፣ አልከለክልምም» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። እማዬ ፈረመች።

ፈሳሹ እንደ ውኃ የጠራ ነበር፤ ጥቂት የመከላከያ ሴሎች በዝተውበታል፣ ባክቴሪያ የለበትም። ናሙናው በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ አገር ተላከ። አንቲቦዲ የሚባሉትን ፀረ እንግዳ አካላት ለማግኘት ከደም ይልቅ የጀርባው ፈሳሽ ይታመናል፤ ደሙ ንጹህ ሆኖ ፈሳሹ ሊይዝ ይችላልና። ኤምአርአይ ምንም አላሳየም፤ በዚህ ሕመም ከሦስቱ ሕሙማን በሁለቱ ገደማ አያሳይም። «ምስሉ ንጹህ ነው፣ አንጎሏ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤት የሚሸኝ ሰው እንዳለ ሳስብ ይጨንቀኛል። ሐኪሙ ግን ውጤቱ እስኪመጣ አልጠበቀም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ያወጡት መመሪያ ምልክቶቹ ከተሟሉ ሕክምናውን ለመጀመር ውጤት መጠበቅ እንደማያስፈልግ ይናገራል። ቶሎ የጀመረ በተሻለ ይድናልና።

ሕመሙ የሚሠራበትን መንገድ ሳውቅ ፍርሃቴ ቀለል አለልኝ። በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያልፈው በኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉም የሚያርፍበት ተቀባይ ሴሉ ላይ አለ። ኤንኤምዲኤ የተባለው ተቀባይ ለትውስታና ለመማር የግድ ያስፈልጋል። ከዘጌ ጭነት ይዞ የመጣ ታንኳ ዳርቻው ላይ የሚታሰርበት ችንካር እንዳለ አስቡት። አንቲቦዲው ታንኳውን አይሰብርም፣ ዳርቻውንም አይንድም፤ ችንካሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እየነቀለ ወደ ሴሉ ውስጥ ያስገባቸዋል። ታንኳው ቢመጣም የሚታሰርበት የለም። አንቲቦዲው ሲጠፋ ግን ሴሉ ሌሎች ችንካሮች ይተክላል። በአብዛኛው ሴሎቹ አልሞቱም። እዚያ አልጋ ላይ ዓይኗን ገልጣ የማታየን ልጅ ውስጥ እህቴ ሙሉ በሙሉ አለች ማለት ነው።

አንዲት ነርስ ደግሞ ይህን በሌላ በኩል አሳየችኝ። በየሆስፒታላችን ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ የሚዘጋው ይህንኑ ተቀባይ ነው። በኬታሚን የተኛ ሰው ሲነቃ የሌለ ነገር እንደሚያይ፣ እንደሚለፈልፍ ማንኛዋም ነርስ ታውቃለች፤ ማንም ሰይጣን ገባበት አይለውም፣ ሲለቀው ይተወዋል ይባላል እንጂ። እህቴንም አንድ ነገር እስኪለቃት መጠበቅ ነበረብን።

የሚያስለቅቀው መጀመሪያ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ነበር፤ በቀን 1 ግራም፣ በደም ሥር፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን። ከእሱ ጋር ከሺዎች ለጋሾች ፕላዝማ፣ ማለትም ከደማቸው ፈሳሽ ክፍል፣ የሚዘጋጅ ኢሚውኖግሎቡሊን ይሰጣል፣ ወይም ፕላዝማዋ በማሽን ይለወጣል። እነዚህ ካልበቁ ሪቱክሲማብና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ይከተላሉ። ኢሚውኖግሎቡሊኑ በጣም ውድ ነው፤ የእድሩ፣ የዘመዱና የአባዬ ጓደኞች ገንዘብ ባይሰበሰብ አናገኘውም ነበር። ገንዘብ የማይሰበሰብለት ሰው ስለሚሆነው ነገር ሐኪሙን ጠየቅሁት። ስቴሮይዱ እዚሁ እንደሚገኝ፣ አልትራሳውንዱም እንደሚገኝ፣ በእነሱ መጀመር ከምንም እንደሚሻል ነገረኝ።

አልትራሳውንዱ ለምን? በዚያ የ577 ሕሙማን ጥናት ከመቶ 38ቱ ዕጢ ነበራቸው፤ ዕጢውም በአብዛኛው ቴራቶማ የሚባል የእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ነው። ስለዚህ በዚህ ሕመም የተያዘች ሴት ሁሉ ሆዷ መታየት አለበት። የእህቴ ግራ እንቁላል ማምረቻ ላይ ዕጢ ተገኘና በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዕጢውን ያወጣችው ሐኪም በብረት ሳህን አድርጋ አሳየችን። ቅባት የመሰለ ነገር አለ፤ በውስጡ የተጠቀለለ ጥቁር ፀጉር።

እቴቴ፣ የእናቴ እህት፣ ፀጉሩን ስታይ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «ይኸው! አላልኳችሁም?» አለች። ከሰው ሆድ ፀጉር ሲወጣ በእኛ ዘንድ ሌላ ትርጉም የለውም፤ መተት ነው። «የዘጌ ሰው ሥራ ነው ብዬ ነግሬያችሁ ነበር» እያለች ግቢው ውስጥ ተመላለሰች። ሐኪሟ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «እትዬ፣ እንቁላሉ ልጅ ሊሆን የተፈጠረ ነው» አለቻት። «ልጅ ፀጉር አለው፣ ጥርስ አለው፣ አንጎል አለው። ያለ ሥርዓቱ ማደግ ሲጀምር እነዚህኑ በየቦታው ይሠራል።» ዋናው ጉዳይ ፀጉሩ አልነበረም። ዕጢው ውስጥ የነርቭ ሕዋስም አለ፤ የእህቴ መከላከያ ያንን እንደ ባዕድ አይቶ አንቲቦዲ ሠራበት፣ አንቲቦዲው ግን ያንኑ የሚመስለውን በአንጎሏ አገኘው።

እቴቴ ይህን ሰምታም አላመነችም። እኔም ሌላ ቀን የድቡን ነገር ነገርኳት። በጀርመን በርሊን መካነ አራዊት ክኑት የሚባል ነጭ ድብ ነበር፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጎብኚዎች እያዩት ተንቀጥቅጦ ውኃ ውስጥ ወደቀና ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሕመም በአንጎሉ አገኙ። ለድብ ማን መተት ይሠራል አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ለእሱስ መድኃኒት አልነበረውም?» አለችኝ። አልታወቀለትም ነበር አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መተት ስታወራ አልሰማሁም፤ የኢሚውኖግሎቡሊኑ ገንዘብ ሲጎድል የአንገት ወርቋን ያመጣችው እሷ ናት።

ስለ ጠበል አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። እማዬ በየማለዳው በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ትመጣ ነበር፤ እምነቱንም በወረቀት ጠቅልላ። የዋርዱ ነርስ አልከለከለቻትም። «እማማ፣ ግንባሯን ይቀቧት፣ ይረጯት፤ እንዳያጠጧት ብቻ» አለቻት። ራሱን የሳተ ሰው የሚጠጣው ወደ ሳንባው ይገባል። እማዬ ግንባሯን በእምነቱ ቀባች፤ ስቴሮይዱም በክንዷ ይወርድ ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ብዙ ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ፤ ለአንጎል ሕመምም ይበቃል። ምረጪ የተባለች እናት አብዛኛውን ጊዜ የምታውቀውን ትመርጣለች። ስለዚህ ምረጪ አትበሏት።

መዳኑ የመጣው በዝግታ ነው፤ ሕመሙ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ። መጀመሪያ የልብ ምቷና ትንፋሿ ተስተካከለ፣ ከዚያ አፏ አረፈ፣ ከዚያ ስማችንን ጠራች። ጠባይና ትውስታ፣ ትኩረትና ራስን መግዛት የሚመለሱት በመጨረሻ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ ከሆስፒታል የወጣን ሰው የዳነ አድርጎ ይቆጥራል፤ ሲነጫነጭ ወይም ሲረሳ «አሁንማ ሆን ብሎ ነው» ይለዋል። መሻሻሉ እስከ 18 ወርና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ሕክምና ካገኙት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ 81ዱ ወደ ሕይወታቸው ተመልሰዋል ወይም ቀላል ጉድለት ብቻ ቀርቷቸዋል። ይህን ቁጥር በእማዬ ጸሎት መጽሐፍ ሽፋን ላይ በእርሳስ ጽፌላት ነበር።

ያን ክረምት እህቴ አታስታውሰውም። የሕመሙ ጠባይ ነው፤ ትውስታ የሚቀረጽበት በር ተዘግቶ ነበርና። እኛ ግን፣ ሰፈሩም ጭምር፣ እናስታውሳለን። ይህ ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው፤ ስለ አንቺ ሁሉም የሚያውቀውን አንቺ ብቻ አለማወቅ። አንድ ማታ ሽሮውን እያማሰልኩ ሳለ «እታለም፣ ምን ብዬ ነበር?» አለችኝ። እማዬ በዓይኗ ከለከለችኝ። እኔ ግን ደብተሩን ሰጠኋት። ሕይወቷ ነው፤ ከጎረቤት ወሬ ከምትሰማው በእጄ ጽሑፍ ብታነበው ይሻላል ብዬ። አባን የሰደበችበትን ገጽ ስታነብ አለቀሰች። በማግሥቱ ልትሳለም ሄደች፤ እሳቸውም «ልጄ፣ አንቺ አልነበርሽም፤ ትኩሳቱ ነው» አሏት። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ይህን ቢሉ እወድ ነበር። አንዳንዶቹ አሁንም በመንገድ ሲያገኟት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ትምህርቷን ዘንድሮ ቀጥላለች። ሕመሙ ከመቶ 12 በሚሆኑት ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ ስለዚህ እንቅልፏን እንከታተላለን፣ በየጊዜውም አልትራሳውንድ ትነሣለች። ስቴሮይዱ ያሳበጠው ፊቷ ወደ ቀድሞው ተመልሷል።

ቀድሞ እማዬ ጠበሉን የምትቀዳበት ቦታ ያለውን አስተናባሪ ሄጄ አነጋገርኩት። ሐኪም ይሁን አላልኩትም። በሰንሰለትም ሆነ በዘመድ እጅ ተይዞ ለሚመጣ ወጣት አራት ጥያቄ እንዲጠይቅልኝ ብቻ ለመንኩት፦ ከሳምንታት በፊት ጤነኛ ነበር? ትኩሳት ቀድሞት ነበር? ይጥለዋል? አፉ ወይም ፊቱ ሳያስበው ይንቀሳቀሳል? ለአንዱም ቢሆን አዎ ከተባለ፣ ሆስፒታል ታይተው እንዲመለሱ ይንገርልኝ፤ ጠበሉ የትም አይሄድም። በጥምቀት ሰሞን ሳገኘው አንዲት እናት ከይልማና ዴንሳ የምትቃዥ ልጇን ይዛ መጥታ ትኩሳት ስለነበራት ወደ ጤና ጣቢያ እንደላካት ነገረኝ። ወባ ነበር። ታክማ ተመልሳ ሱባዔዋን ጨርሳለች።